መሶቡን ማን ሰፋው?

ለ፦ ወሎ ውስጥ ለምትገኙ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ሁሉ
ግልባጭ፦ ለሆቴል ባለቤቶች፣ ለሰርግ ደጋሾች፣ ሳሎኑ ውስጥ መሶብ ላስቀመጠ ሰው በሙሉ
ጉዳዩ፦ በዕቃው ላይ የሠሪው ስምና የተሠራበት ቁስ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም። ወሎ ነንና ሁለቱንም ብያለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋጋችሁ። ገንዘብ ልጠይቅ አልመጣሁም። ወደ እናንተ የሚገባው ደብዳቤ አብዛኛው በጀት ፍለጋ ስለሆነ፣ ገና ፖስታው ሳይከፈት «የለም» የሚለው መልስ አፋችሁ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አብሽሩ። የምጠይቀው ካርድ ነው። መዳፍ የምታህል ወረቀት።

እኔ ደሴ ላይ ሥዕል አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰው ካዘዘኝ የሱቅ ታፔላም፣ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳም እሠራለሁ። ነገሩ የጀመረኝ አምና ነው። አንድ ስብሰባ ላይ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ትንሽ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ግድግዳው ላይ የወጣት ሠዓሊዎች ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። በእያንዳንዱ ሥር ንጹሕ ካርድ አለ። የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርእስ፣ «አክሪሊክ በሸራ»፣ ቁመትና ወርዱ። በጣም ደስ አለኝ። አንዱ የድሮ ተማሪዬ ነው።

ከሥዕሎቹ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ባለ ክዳን መሶብ፣ ሌማት፣ ሁለት ሙዳይ፣ ጀበና፣ የበግ ጠጉር ባና፣ የቁርኣን ልጆች የሚማሩበት ሉህ፣ የተጻፈበት ብራና ተደርድሯል። ለዚህ ሁሉ አንድ ወረቀት ነው የተለጠፈው። «የወሎ ባህላዊ ዕቃዎች» ይላል።

አስተናጋጇን ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ ይህን መሶብ ማን ሰፋው?»

«ባህላዊ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል። ማን ሰፋው?»

ልጅቷ ተጨነቀች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መልሷ ከጆሮዬ አልወጣም። ባህላዊ የሚባል ሰው አላውቅም። ባህላዊ መስከረም ላይ ሣር ለቅሞ፣ ቀለም ነክሮ፣ ወስፌ ጣቱን ወግቶት አያውቅም።

የአያቴን ነገር ልንገራችሁ። አያቴ የኖረችው ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ክረምት ሲወጣ፣ ሣሩ ሳይደርቅ፣ እሷና ጎረቤቶቿ ለለቀማ ይወጣሉ። ለመሶብ ሁለት ዓይነት ሣር ያስፈልጋል። አንዱ ስንደዶ ነው፤ እሱ ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ ማለት ነው። ሌላው አክርማ ነው፤ በላዩ ይጠመጠማል፣ ቆዳው ነው። አክርማው ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ ከፊሉ ከገበያ በተገዛ ቀለም ይነከራል። ሲሰፋ እንዳይሰበር ደግሞ ውሃ ይነካዋል። መሣሪያው ወስፌ ብቻ ነው።

እኔን ዛሬም የሚገርመኝ ሐረጉ ነው። በወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም። ቀዩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ጥቁሩ መቼ ጣልቃ እንደሚገባ፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው። መሶቡ ወደ ላይ ሲሄድ ክቡ ይሰፋል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ቁጥሩ ይለወጣል። ሐረጉ ዞሮ መጥቶ ከጀመረበት ካልገጠመ ይፈታል። አያቴ ስትፈታ አይቻለሁ። የሳምንት ሥራ፣ ዝም ብላ፣ ቡናዋን እየጠጣች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ስፌት ግን ትቆጥር ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለ ምጥጥን የተማርኩትን እሷ በወስፌ ጫፍ ታውቀዋለች።

አንዱ ትልቅ መሶቧ ከመስከረም እስከ ገና ፈጅቷል። እህል ሲታጨድ ታቆማለች፣ ማታ ደግሞ ትቀጥላለች። ለማን እንደተሰጠ አላውቅም። ምናልባት አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ «ባህላዊ» ተብሎ።

አሁን ወደዚያ ገጠር ስሄድ ስንደዶው የሚለቀምበት መስክ የለም። ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። አክርማ ያጣች ሴት የማዳበሪያ ከረጢት ተርትራ በክሩ ትሰፋለች። ይህን ስሰማ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው «ባህላችን ጠፋ» ብዬ አላለቅስም። ከከረጢት ክር የተሰፋ ሰፌድ አይቻለሁ፤ ሰማያዊና ነጩ በጣም ያምራል። የምለው ይጻፍ ነው። «ስንደዶ፣ የማዳበሪያ ክር» ተብሎ ይጻፍ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ሰው ያንን ካርድ ሲያነብ መስኩ መቼ እንደጠፋ ያውቃል።

ወሎ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዘፈን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች። እውነት ነው፣ ያኮራል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የባቲን ከተማ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ጎንደርም ይኑር ጅማ፣ ባቲን ያውቃታል። ለምን? ስሟ ቅኝቱ ላይ ስላለ። አምባሰልም እንደዚያው። ስም የተጻፈበት ነገር ከነአገሩ ይዞራል። ያው የአምባሰል ሴት የሰፋችው መሶብ ግን አዲስ አበባ ሲደርስ የማንም ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚሸጠው የብር አምባርም እንዲሁ። ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገዛው ጌጥ ነው። አንጥረኛው ማን ነው ብትሉ፣ መልሱ ያው «ባህላዊ» ነው።

አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «አባቶቻችን ስማቸውን አይጽፉም ነበር፤ ትሕትና ነው» ትላላችሁ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ላሊበላ አካባቢ ገነተ ማርያም አለች። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ራሳቸው ተሥለዋል፤ ስማቸውም ተጽፏል። አሠሪው ይታወቃል። ግድግዳው ሥር ቆሜ ሠዓሊውን ማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሂዱ። ዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ነጭ ልስን ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመ ሕንፃ ነው። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ያ ሁሉ ሐረግ፣ ያ ሁሉ እንስሳ። የንጉሡ ስም የቤተ ክርስቲያኑ ስም ሆኗል። አናጢው የለም። እንግዲህ ትሕትና ከሆነ ለምን ንጉሡን አልነካውም? ትሕትናው ሁልጊዜ ቡርሹን የያዘው ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚወድቀው?

ደግሞም ሁሉም ዝም አላሉም። ከወሎ ውጭ ቢሆንም ጣና ላይ ያለውን ልጥቀስ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ተገኘ። በዚያ በአንድ ጽሑፍ ምክንያት አጥኚዎች የእጁን ጠባይ ለዩ። ዓይኑን እንዴት እንደሚሥል፣ ልብሱን እንዴት እንደሚያጥፍ። ከዚያም ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች «ይህም የሱ ነው፣ ይህ ደግሞ የተከታዮቹ ነው» እያሉ መለየት ቻሉ። አንድ ስም ስንት ሥዕል ከመጥፋት አወጣ! ብራና ላይም ቢሆን ጸሐፊው መጨረሻው ላይ «በጸሎታችሁ አስቡኝ» ብሎ ስሙን የሚያስገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ትዕቢት አይባልም። ዱአ መጠየቅ ነው።

«ካርድ መለጠፍ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚልም አይጠፋም። ለዚህኛው መልሱ ቅርብ ነው፣ ከደሴ የግማሽ ሰዓት መንገድ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈ ወንጌል አለ። የራሳቸው ሥዕል ያለበት ነው። በዚሁ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፏል። ያን ጊዜ፣ ሐይቁ መሃል፣ «ያለን ይህ ነው» ብለው ጻፉ። ንብረት መመዝገብን ወሎ ከማንም አልተዋሰውም። ረስቶት ነው እንጂ።

ሲረሳ ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። መቅደላ የኛው አፈር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባው ላይ የነበረውን ዘርፎ ሲወርድ፣ ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎታል። ደላንታ ሜዳ ላይ ዘርግተው ተጫረቱበት። ለብሪቲሽ ሙዚየም የገዛላቸው ሰው ብቻ ወደ 350 ብራና ይዞ ሄዷል። ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ስለሆኑ የወሎ ሥራ ናቸው አልልም። የማነሣው ለሌላ ነው። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ ለንደን ላይ የብራናዎቹ ዝርዝር ታትሞ ወጣ። መጠናቸው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳላቸው፣ ማን እንዳጻፋቸው፣ አንድ በአንድ። የወሰዱት ሰዎች ካርድ ጻፉ። እኛ የተወሰደብን ዝርዝሩን ከነሱ ነው የምናነበው።

ከዚያ ወዲህ ተምረናል ማለት እፈልጋለሁ። ግን በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየነውን አየን። ስለዚያ ብዙ መናገር አልችልም፣ እንባዬ ይቀድመኛል። አንድ ነገር ብቻ። የተዘረፈ ቅርስ ለማፈላለግ ዓለም ላይ የሚሠራበት ቅጽ አለ። ፎቶ ይጠይቃል። ከምን ቁስ እንደተሠራና እንዴት እንደተሠራ ይጠይቃል። ልኬቱን፣ ያለበትን ጽሑፍ፣ ጭረትና ስንጥቁን፣ የሠሪውን ስም ይጠይቃል። አሁን ራሳችሁን እዚያ ቅጽ ፊት አስቀምጡ። «አንድ መሶብ፣ ባህላዊ» ብላችሁ ትሞላላችሁ? የትኛው ፖሊስ፣ የትኛው ኤርፖርት ላይ ነው በዚህ የሚይዘው?

ስለ ቁስ ስናገር ብዙ ሰው ዝርዝር ነገር ይመስለዋል። ብራናን ውሰዱ። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል፣ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፣ በስለት ይፋቃል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል። ብራናውን የሚያዘጋጀው ዳማጭ እጁ የሳተ ቀን ቆዳው ይቀደዳል፤ ብራና ላይ የምታዩት በክር የተሰፋ ቀዳዳ ከዚያ የመጣ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተደባልቆ፣ ሙጫ ገብቶበት፣ ወራት ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ሥዕሉ ለእንጨት ከሆነ ዋንዛና ወይራ ይመረጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ደረሳው፣ የቁርኣን ተማሪው፣ ሉሁ ላይ በጥላሸት ቀለም የጻፈውን ሸምድዶ ሲጨርስ ያጥበዋል፣ በላዩ እንደገና ይጽፋል። ሁለቱ ጥላሸቶች ከአንድ ምድጃ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ወሎ ውስጥ አንዱ ጎረቤት ዳዊት፣ ሌላው ቁርኣን የሚጽፍበት ቀለም ዘመድ ነው። ይህንን ለጎብኚ ብንነግረው ስንት ንግግር ያድነን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን ሉሁና ብራናው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱም ከምን እንደተሠራ አልተጻፈም።

ሸክላ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይመርራል። ጀበናዋን የሠራችው ሴት ስሟ ያልተጻፈው ተረስታ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ሸክላ ሠሪውን፣ አንጥረኛውን፣ ቆዳ ፋቂውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ሲሉ ኖረዋል። በጀበናዋ ቡና ይጠጣሉ፣ እሷን ግን ከቡናው አይጠሯትም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ትንሽ አስታግሶ ይሆናል፤ ስሙን ግን አልመለሰም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሠዓሊው ካርድ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ምንም፣ ሲባል ያው የድሮው ነገር በጨዋ አማርኛ ተደገመ። እናንተ ይህን አስባችሁ እንዳላደረጋችሁት አምናለሁ። ለዚህ ነው በግልጽ የምጽፈው።

ስለ ሠዓሊዎቹም ጥቂት ልበል፣ ካርድ ስላላቸው ደልቷቸዋል እንዳትሉ።

ደሴ ላይ ሥዕል የሚሠራ ልጅ ቁስ ማግኘት ፈተናው ነው። ቱቦ ቀለም ከአዲስ አበባ ሰው ይልክለታል፤ ዋጋው ሲደርስ ከመንገዱ ይረዝማል። ስለዚህ ልጆቹ ብልሃተኛ ሆነዋል። አቡጀዴ ገዝተው፣ ጣውላ ላይ ወጥረው፣ ኮላና ጀሶ ይቀባሉ። አንዱ ተማሪዬ በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለውን ቀይ አፈር በነጠላ ቁራጭ ነፍቶ ከኮላ ጋር ይለውሰዋል። ሌላዋ በቡና ነው የምትሥለው። ለጥላው አቦል፣ ለመካከለኛው ቶና፣ ለሰማዩ በረካ። እናቷ «ልጄ ቡናዬን ወረቀት አጠጣችብኝ» ብላ ስትስቅ ሰምቻለሁ። ያንን ሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ ስታቀርበው ካርዱ ላይ «ውሃ ቀለም» ተብሎ ተጻፈ። ለምን? «ቡና» ቢባል ተራ ይመስላል ብለው። እንዲያውም ሥዕሉ በሙሉ ያለው እዚያች «ቡና» የምትል ቃል ላይ ነበር!

ምን ይሥላሉ ካላችሁ፣ የደሴን ተራራ ጦሳን ይሥላሉ። ጉሙ ጠዋት ከተማውን ሲውጠውና ሦስት ሰዓት ላይ መልሶ ሲተፋው። ሰኞ ገበያን ይሥላሉ። ሹሩባ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ያን በጣም የታወቀ የወሎ ቆንጆ ፊትም ይሥላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ይህኛው ትንሽ በዝቷል፣ ሆቴሎች ስለሚገዙት ነው። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ የአዝዋ ገደልን ቆሻሻ ሥሎ መጣ። የማንም ሆቴል አይገዛውም። እኔ ግን የዓመቱ ምርጥ ሥራ እሱ ነው ብዬ ማርኩን ሰጠሁት።

ወልድያ እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ጉልት ላይ የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ዓምድ አቁመው ይሥላሉ። ሥራዎቻቸው ለንደን ድረስ ታይተዋል። አዲስ አበባ ባለው በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንት ትውልድ አስተምረዋል። ወልድያ ወይም ደሴ ጉልት ላይ የተቀመጠችውን ሴት ግን ጠይቋት። እሷን የመሰለች ሴት ሸራ ላይ ቆማ ባሕር ተሻግራ እንደታየች የነገራት የለም። ሥዕሉ ባይመጣ እንኳ ፎቶው ሊመጣ ይችል ነበር። ከካርዱ ጋር።

በሌላ ወገን ደግሞ ዓለም ወሎን ለረጅም ጊዜ ያየው በረሃቡ ነው። ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1974 የረሃቡን ሰለባዎች በትልቅ ሸራ ሥለዋል፤ ሥዕሉ የዘመኑ ምስክር ነው። የውጭ ካሜራዎችም መጡ። በነዚያ ፎቶዎች ላይ ያሉትን ፊቶች ተመልከቱ። ከፎቶው ሥር «ረሃብተኛ፣ ወሎ» ይላል። የፎቶ አንሺው ስም ግን ጥጉ ላይ አለ። ስም የሌለው ሰው መሆንን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ለዚህ ነው የሚከነክነኝ፣ ራሳችን በራሳችን ላይ ስንደግመው።

የራሴንም ልንገራችሁ፣ ትስቃላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ግቢው ውስጥ ግድግዳ ሣዪልን አለኝ። የገበያ ቀን ሣልኩ። ግመል፣ የአፋር ጎልማሳ፣ በርበሬ ሻጭ፣ ጭነት የያዘ አህያ። አሥራ አራት ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ታች ጥጉ ላይ ፈረምኩ። ኃላፊው መጥተው አዩ፣ ወደዱት። ከዚያ ፊርማዬን አዩ።

«እህቴ፣ ይህችን አጥፊያት። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው።»

«ግድግዳው የእናንተ ነው ጋሼ። እጁ የኔ ነው።»

«ግድ የለሽም፣ አጥፊያት። ነገ ሌላውም ልጻፍ ይላል።»

ሒሳቤ ስላልተከፈለኝ አጠፋሁት። ማታ ግን ቡርሼን ላጥብ ብዬ ተመልሼ ገባሁና አህያው የተጫነው ማዳበሪያ ላይ፣ «ዩሪያ» የሚል ጽሑፍ በሚሆንበት ቦታ፣ ስሜን ጻፍኩ። እስከ ዛሬ አለ። ያየው የለም። ኃላፊው በየቀኑ በስሜ አጠገብ ያልፋሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለእንግዳ ስጦታ መሶብ ስትገዙ፣ ለሙዚየም ዕቃ ስትቀበሉ፣ ለበዓል ጠረጴዛ ስትደረድሩ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ካርድ ይሁን። ማን ሠራው። ከምን። ሣሩ፣ አፈሩ፣ ቆዳው ከየት መጣ። ስንት ጊዜ ፈጀ። መቼ ተሠራ። ሠሪዋ መጻፍ ባትችል የሚገዛላችሁ ሠራተኛ ጠይቆ ይጻፍ፤ ዋጋ ሲከራከር ስንት ጥያቄ ይጠይቅ የለም? ስሟ እንዲጻፍ ካልፈለገች ደግሞ መብቷ ነው። «ሰፊዋ ስሟ እንዳይጻፍ ጠይቃለች» ይባል። እሱም ስለ ሰው የሚናገር ነገር ነው፤ «ባህላዊ» ከሚለው ይሻላል። የቆየ ዕቃ ሆኖ ሠሪው ባይታወቅ ሰጪው ከማን እንዳገኘው ይጻፍ። የተሠራበትንም ቁስ ዕቃውን አይቶ የሚለይ ሰው ይጠራ። ስፌት የምታውቅ እናት ጠርታችሁ ብታሳዩዋት፣ የየትኛው ወረዳ እጅ እንደሆነ በሐረጉ ትነግራችኋለች።

ከካርዱ ሁለት ቅጂ ይኑር። አንዱ ዕቃው ላይ ይሂድ፣ ሌላው ፋይል ውስጥ ይቅር። ፋይሉ ደግሞ ከዕቃው በተለየ ቤት ይቀመጥ። ለምን እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

በዚህ ደብዳቤ ስለ ስም ይህን ያህል ጮኼ የአንዷንም ባለሙያ ስም አልጠራሁም። ታዝባችሁ ይሆናል። ያልጠየቅሁትን ሰው ስም አደባባይ ማውጣት ነውር ስለሆነ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ የምፈልገው የሠሩት ዕቃ ላይ ነው። የኔም ስም መዝገብ ቤት በሚገባው ቅጂ ላይ ከነፊርማው አለ። ይህን ፊርማ አጥፊ የሚለኝ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሃምሳ ባዶ ካርድ ይዤ እመጣለሁ፤ ከልጆቹ ጋር ቆርጠን አዘጋጅተናል። የመጀመሪያውን ለናሙና ሞልቼዋለሁ። የአያቴ ትንሿ ሙዳይ ናት፤ እኔ ጋ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ስንደዶ፣ አክርማ፣ የገበያ ቀለም፣ ቀይና ጥቁር። ሣሩ የተለቀመው ከቤቷ በላይ ካለው መስክ፣ መስኩ አሁን ባሕር ዛፍ ነው። ክዳኗ አንዴ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ።» ከካርዶቹ ጋር ብዕርም በገመድ አስሬበታለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ብዕር እንዴት እንደሚጠፋ እኔም አውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የሥዕል መምህርት
ደሴ